ባህር ዛፍ እና የባህሩ «ዛፍ»፦ ማን ይበልጣል?

ከየካ ቀና ብላችሁ ወደ እንጦጦ ብታዩ ኮረብታውን በብዛት የሸፈነው ባህር ዛፍ ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ባህር ውስጥ አይበቅልም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባህር ማዶ ስለመጣ ነው እንዲህ የተባለው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። እውነተኛው የባህር «ዛፍ» ሌላ ነው፤ ፕሮክሎሮኮከስ ይባላል።

ፕሮክሎሮኮከስ ባክቴሪያ ነው፤ ግን ልክ እንደ ዛፍ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ስፋቱ 0.6 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። መቶ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ቢያክሉ ነው! ከማነሱ የተነሳ ሳይንቲስቶች ያገኙት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በቁጥር ግን በብርሃን ምግብ ከሚሠሩ ፍጥረታት የሚወዳደረው የለም። ቀይ ባህር ውስጥም አለ።

ነጭ ባህር ዛፍ ደግሞ ከ50 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ይህ ሁሉ ግንድ ለምን አስፈለገው? ብርሃን ለማግኘት ከጎረቤቱ መብለጥ፣ ውሃ ለማግኘት ሥር መስደድ ስላለበት። ፕሮክሎሮኮከስ ግን ብርሃኑም ውሃውም ያለበት ቦታ ይንሳፈፋል፤ ግንድ ምን ያደርግለታል? ማነሱ ራሱ ይጠቅመዋል፦ አካል ሲያንስ ከይዘቱ አንጻር የገጹ ስፋት ይበልጣል፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ንጥረ ነገር በቀላሉ ይስባል።

እስቲ አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከዓለም ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉን የሚያከናውኑት ፕሮክሎሮኮከስን የመሳሰሉ የባህር ፕላንክተኖች ናቸው። ክብደታቸው ግን ከየብስ ዕፅዋት ክብደት 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ሮቶና ጀሪካን አስቡ። ዛፍ ሮቶ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ለዓመታት ያስቀምጣል። ፕላንክተን ጀሪካን ነው፤ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይገለበጣል። ፕሮክሎሮኮከስ በቀን አንዴ ገደማ ለሁለት ይከፈላል፤ ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ይበላል።

ስለዚህ «ዛፍ ከተቆረጠ ኦክስጅን ያልቅብናል» የሚባለው ልክ አይደለም። ቅጠል ሲበሰብስ፣ ፕላንክተን ሲበላ፣ የሰጡት ኦክስጅን ከሞላ ጎደል ተመልሶ ይውላል። የምናጣው ሮቶውን ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። እናቶች ከእንጦጦ ተሸክመው የሚያወርዱት እንጨት ምጣድ ሥር ሲነድ፣ ዛፉ በዓመታት ያጠራቀመው ካርቦን በአንድ ማለዳ አየር ላይ ይወጣል። ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሮቶውም እንደገና ይሞላል፤ ግን ዓመታት ይፈጅበታል።

እንግዲህ ማን ይበልጣል? በፍጥነት ፕላንክተን፣ በማስቀመጥ ዛፍ። የእንጦጦም ሮቶ ሙሉ የሚሆነው ከሚያድገው በላይ እስካልቆረጥን ድረስ ነው።