ክላርኔትን በልጅነት መማር፦ ትርፉና ኪሳራው ከይፋት የሙዚቃ ልማድ አንጻር

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባለው የይፋት ቆላ የሚያድግ ልጅ ሙዚቃን አስቀድሞ የሚያውቀው በቃል ነው። በቤተ ክርስቲያን ዜማም ሆነ በመንዙማ፣ በሠርግ ዘፈንም ሆነ በሽለላና በቀረርቶ ድምፅ የሚያገለግለው ቃልን ነው፤ ክራርና መሲንቆም በአብዛኛው የሚያጅቡት የሚያዜም ሰውን ነው። ክላርኔት ግን የተጫዋቹን አፍ ይይዛል። በክራር እየዘፈኑ መጫወት ይቻላል፤ በክላርኔት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን በልጅነት መማር የሚያስገኘውን ደስታና የሚያስከትለውን ችግር ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ ያብራራል።

በክላርኔት ድምፅ የሚፈጠረው ሪድ የሚባለው ስስ የሸንበቆ ቁራጭ በተጫዋቹ ትንፋሽ ሲርገበገብ ነው። በብዛት የሚሠራበት ቢ ፍላት ክላርኔት ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ክብደቱ በአመዛኙ የሚያርፈው በቀኝ እጅ አውራ ጣት ላይ ነው። ሰባት ቀዳዳዎቹ የሚደፈኑት በቀጥታ በጣት ነው፤ የትንሽ ልጅ ጣት አንዱን ቀዳዳ በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ድምፁ ይጮኻል ወይም ይጠፋል። የመንፊያው ጫፍ በላይኛው የፊት ጥርስ ላይ ስለሚያርፍም የወተት ጥርሱን በመለወጥ ላይ ያለ ልጅ ይቸገራል። ብዙ መምህራን ጀማሪውን እስከ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሚያቆዩት፣ ወይም አነስ ባለ ክላርኔት የሚያስጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመሣሪያው የድምፅ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ዋሽንት ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ በመሆኑ እረኛው ልጅ ጣቱን ሳይለውጥ ትንፋሹን ቢያጠነክር ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማዋል። ሳክስፎንም ቱቦው ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ በኦክታቭ ይደግማል። የክላርኔት ቱቦ ግን ወጥ ስፋት ያለውና በሪዱ በኩል እንደ ዝግ የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ የላይኛው ድምፅ የሚወጣው በኦክታቭ ሳይሆን በአሥራ ሁለተኛው ድምፅ ነው። ልጁ በታችኛው ክፍል ከፋ ተነሥቶ ሜጀር ትዝታን ቢጫወትና በአውራ ጣቱ የመሸጋገሪያውን ቁልፍ ከፍቶ ያንኑ የጣት አያያዝ ቢደግመው፣ የሚያገኘው ከዶ የተነሣ ትዝታ ነው። ቅኝቱ አልተለወጠም፤ መነሻው ግን ሌላ ሆኗል። በዋሽንት የለመደው ጣት እዚህ ላይ ያሳስተዋል። ከዚህም በላይ በኖታ ላይ ዶ ተብሎ የተጻፈው በቢ ፍላት ክላርኔት በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ከክራር ተጫዋች ጋር ለመግባባት ተጨማሪ ስሌት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ያለፈ ልጅ የሚያገኘው ደስታ ግን ቀላል አይደለም። ክላርኔት ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት የሚደርስ የድምፅ መጠንና ከሦስት ኦክታቭ በላይ ስፋት አለው። ቁልፎቹ ለአሥራ ሁለቱ እኩል ድምፆች የተበጁ ቢሆኑም፣ በከንፈርና በትንፋሽ ድምፁን ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል። እንደ አንቺ ሆዬ ላሉ ቅኝቶች፣ ለእንጉርጉሮም ሆነ ለለቅሶ ዜማ ይህ ትልቅ አቅም ነው። ልጁ ቃሉን ቢያጣም ትንፋሹን ያገኛል።

ይህ ልውውጥ ምን ሊያፈራ እንደሚችል የሚያሳየው በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው ጌታቸው ሙዚቃን የጀመረው በክራርና በመሲንቆ ሲሆን፣ ኋላ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1949፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በአዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። ስሙን ያስጠራው በጦረኛ አፍ የሚነገረውን ሽለላ ያለ ቃል በሳክስፎን መጫወቱ ነው። ሽለላ ቃሉ ቢወሰድበትም አነሣሡ፣ መቋረጡና ድንገት መፈንዳቱ በትንፋሹ ውስጥ ቀረ። ይህን ማድረግ የሚችለው አስቀድሞ ሽለላን የሰማ ጆሮ ብቻ ነው። የትንፋሽ መሣሪያን ዘግይቶ መያዙ ጉዳት አልሆነበትም፤ ሪዱ ከአፉ ሲገባ በጆሮው ያደረ ዜማ ነበረው።

የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ግን ኪሳራውን ያሳያል። ዋሽንት ከመንደር ሸንበቆ ይቆረጣል፤ ክላርኔት ግን ባንድ፣ መምህር፣ ጠጋኝና በየጊዜው የሚተካ ሪድ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የምዕራባውያን የትንፋሽ መሣሪያዎች ከመነሻው ከተቋም ጋር የተቆራኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውና ‹አርባ ልጆች› የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የሚጫወቱት ለቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች መቀመጫቸው አዲስ አበባ ሆነ። ዛሬም ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በዲግሪ መርሐ ግብሩ የሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወጣት ነው። ስለዚህ ለይፋት ልጅ ክላርኔትን መማር ብዙ ጊዜ አገር መልቀቅ ማለት ነው፤ መሣሪያውን ያገኘው ልጅ ያሳደገውን ዜማ ከሚሰማበት ቦታ ይርቃል።

ከዚህ የሚከተለው የትምህርት ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በሸዋ ሮቢት ለልጆች የትንፋሽ መሣሪያ ትምህርት ቢታሰብ፣ ጅማሬው ዋሽንት ቢሆን ትንፋሽንና ጆሮን በትንሽ ወጪ ያሠለጥናል፤ ጣትና ጥርስ ሲጠነክሩ ክላርኔት ይከተላል። ለቆላው ሙቀትና ደረቅ አየርም በቀላሉ ከሚሰነጠቀው የእንጨት ክላርኔት ይልቅ ለተማሪ የሚሠራው የፕላስቲክ ክላርኔት ይመረጣል። በኦክታቭና በአሥራ ሁለተኛው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ገና ከመጀመሪያው ቢብራራለት ደግሞ ልጁ የመሣሪያውን ባሕርይ የራሱ ስንፍና አድርጎ አይቆጥረውም። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ የሚጫወተውን ዜማ አስቀድሞ በአፉ ቢያዜመው ይበጃል፤ በክላርኔት ያለ ቃል መናገር የሚችለው ቃሉን የሚያውቅ ነውና።