አሳማው ለፈተና ነው፤ ቆዳው ግን የልጁ የራሱ ነው

ቡና በሚፈላበት ቤት ዳዴ የሚል ሕፃን ካለ የእናት ዓይን ከጀበናው አይለይም። ጄኔቫ አጠገብ ካለችው ከቨርሷ ጀምሮ እስከ ዙሪክ ድረስ፣ የኢትዮጵያውያን ቤት እንደ አገር ቤቱ ሁሉ ጀበናና የወጥ ድስት የማይጠፋበት ቤት ነው። ትንንሽ ሕፃናትን ከሁሉ ይበልጥ ለቃጠሎ የሚዳርጋቸውም ነበልባል ሳይሆን ትኩስ ፈሳሽ ነው። አደጋው የደረሰ እንደሆነ ወላጅ ገና ከድንጋጤው ሳይወጣ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ሰምቶት ስለማያውቀው ሕክምና ሊነገረው ይችላል። ከዚህ ዓይነቱ ሕክምና አንዱ በዙሪክ ላቦራቶሪ የሚበቅለው ቆዳ ነው። ይህ ቆዳ «በአሳማ ላይ ተሞክሯል» ሲባል፣ አሳማ በማይበላበት ቤት ላደገ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ቃሉ ያስደነግጣል። ለመሆኑ የአሳማው ድርሻ ምንድን ነው?

ቆዳ እስከ ሥሩ ከተቃጠለ ሰውነት በራሱ መልሶ አይተካውም። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የሠሩበት መንገድ ከበሽተኛው ጤነኛ ገላ ስስ ቆዳ ልጦ በቁስሉ ላይ መትከል ነው። የሌላ ሰው ቆዳ ለጊዜው ቁስሉን ይሸፍን እንደሆነ እንጂ አይዘልቅም። ምክንያቱን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያሳየው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር ነው። በጥንቸሎች ላይ ባደረገው ምርምር ሰውነት ባዕድ የሆነውን ቆዳ ለይቶ እንደሚዋጋው አረጋገጠ፤ በዚሁ መስክ በሠራው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የራስን ቆዳ መትከልም ቢሆን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ አብዛኛው ገላው ለተቃጠለ ልጅ የሚላጥለት ጤነኛ ቆዳ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የሚተከለው ቆዳ እጅግ ስስ በመሆኑ ቦታው ይጠባሳል፤ ጠባሳ ደግሞ ከልጁ ጋር አያድግም። ክንዱ ሲረዝም ጠባሳው ይስበዋል፤ ጣቱ ይታጠፋል፤ አንገቱ ወደ ደረቱ ይጎተታል። ልጁም እስኪያድግ ድረስ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይመላለሳል።

በዙሪክ የሕፃናት ሆስፒታል ፕሮፌሰር ኤርንስት ራይሽማንና ፕሮፌሰር ማርቲን ሞይሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት የደከሙት ይህንን ችግር ለመፍታት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከልጁ ጤነኛ ገላ የፖስታ ቴምብር የምታህል ቆዳ ትወሰዳለች። ከእርሷም የላይኛውንና የታችኛውን የቆዳ ሽፋን የሚሠሩት ሴሎች ተለይተው በላቦራቶሪ እንዲራቡ ይደረጋል። ከዚያም ከከብት በሚገኝ ኮላጅን ላይ ተዘርተው፣ በአራት ሳምንት ያህል ጊዜ ሁለቱም ሽፋን ያለው ቆዳ ይሆናሉ። የመጀመሪያው የሰው ሙከራ በ10 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ለእያንዳንዳቸው የተተከለው ቆዳ 7 በ7 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሥራውን ወደ መድኃኒትነት ለማድረስ እ.ኤ.አ. በ2017 ኩቲስ የተባለ ኩባንያ በዙሪክ ተቋቁሞ ሰፋፊ ሙከራዎች ተከትለዋል።

ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት ግን ቆዳው በአይጥና በአሳማ ላይ ተፈትኗል። ሁለቱም የተመረጡት በምክንያት ነው። ጤነኛ አይጥ የሰውን ሴል ስለማይቀበል፣ የመከላከል ኃይሉ የደከመ የአይጥ ዘር ተመርጦ የሰው ሴል ያለበት ቆዳ ይተከልበታል። ይሁንና የአይጥ ቁስል የሚድነው ዙሪያው እየተሰበሰበ ነው፤ የሰው ቁስል ግን በአብዛኛው አዲስ ቆዳ እየለበሰ ይሽራል። በዚህ ረገድ ለሰው የሚቀርበው አሳማ ነው። ቆዳው ወፍራም፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋርም የተጣበቀ ነው። እንግዲህ ከአሳማው የሚገኘው ማስረጃ ነው። ወደ ልጁ ገላ የሚገባ የአሳማ ሥጋም ሆነ ሴል የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ለሰው ከተተከለው የአሳማ ልብ ጋርም መምታታት የለበትም፤ ያ አካሉ ራሱ የአሳማ ነበር።

ከአይጦቹ የተገኘ፣ ለጥቁር ሕዝብ ልዩ ትርጉም ያለው ትምህርትም አለ። የቆዳ ተከላ ብዙ ጊዜ መልኩ የተዥጎረጎረ ገላ ይተዋል፤ ይህም በጠይም ፊት ላይ ይብሳል። የዙሪክ ተመራማሪዎች ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ከነጭም ከጥቁርም ቆዳ ወስደው አብረው በመዝራት በአይጦች ላይ ተከሉ። ሴሎቹ ትክክለኛ ቦታቸውን ይዘው የለጋሹን መልክ መልሰው ሰጡ። ይህ ግን በአይጥ ላይ የታየ ነው፤ ስለዚህ ወላጅ «የልጄ መልክ እንዴት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በእንስሳት ላይ መሞከር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በስዊዘርላንድ ሕዝብ ፊት ደጋግሞ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ1992ና በ1993 ድምፅ ተሰጥቶበታል። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2022 ሙሉ እገዳ እንዲጣል የቀረበውን ሐሳብ 79.1 በመቶው መራጭ አልተቀበለውም። ሙከራ ሁሉ ግን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የእንስሳው ሥቃይም ከዜሮ እስከ ሦስት በደረጃ ይመዘናል። የስዊዝ ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊም በዚህ ጉዳይ ድምፅ አለው።

የሰው ሙከራ ሕግ ደግሞ ለቤተሰብ መብት ይሰጣል። ልጃችሁ በሙከራ እንዲታቀፍ ስትጠየቁ ሳይገባችሁ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቆዳው ከምን እንደተሠራ፣ በማን ላይ እንደተሞከረ፣ ባይዝ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። እምቢ ማለትም ሆነ ከፈረሙ በኋላ መውጣት ይቻላል፤ ልጁ ከመደበኛው ሕክምና አይጓደልበትም።

በአገር ቤት ክፍት ምድጃ አጠገብ የሚወድቁ ሕፃናትና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቃጠሎ ዛሬም ብዙ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የየካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው። ለዚያም ለዚህም አገር የሚሆነው የመጀመሪያ ርዳታ ግን ላቦራቶሪ አይፈልግም። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ የቀረውን ገላ እንዳይበርደው መሸፈን፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም በረዶም አለማድረግ ነው። በስዊዘርላንድ አምቡላንስ የሚጠራው በ144 ነው። ከጄኔቫ አካባቢ ከባድ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው የሚላክበት ማዕከል በሎዛን ሹቭ ሆስፒታል ይገኛል።

ከሁሉ በፊት ግን ጀበናውን ከሕፃን እጅ ማራቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።