የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ድረስ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በውርጌሳ የሚኖር ሰው፥ ሕዝባችን ኦፕራሲዮን የሚለው ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል ሲባል፥ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይሄድና ብዙ ጊዜ የሳምንታት ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል። ቤተ ሰቡም ከዚያች ዕለት ጀምሮ በመደቡ ላይ አንጥፎለት፥ «አትነሣ፥ ጕልበትህን ለዚያ ቀን አስቀምጥ» ይለዋል። ይህ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳ መሆኑን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ለሐሞት ጠጠር የስድስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጣቸው። እኒህ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ማሳቸውን ራሳቸው የሚያርሱ፥ ቅዳሴውንም ያለ መቋሚያ ቆመው የሚያስቀድሱ ነበሩ። ቀጠሮው ከተሰማ በኋላ ግን ልጃቸው ሞፈሩን ተረከባቸው፤ ምራታቸውም፥ «አባባ፥ እርስዎ ይረፉ፤ እኛ አለንልዎ» ብላ ውሃ እንኳ ተነሥተው እንዳይቀዱ ከለከለቻቸው። እኛም ልንጠይቃቸው በሄድን ቍጥር «ይተኙ» ከሚሉት መካከል ነበርን። ቀኑ ሲደርስ ወደ መኪናው የሄዱት በሁለት ሰው ተደግፈው ነው። ቀዶ ሕክምናው በደኅና ተፈጸመ፤ ቍስሉም በጊዜው ደረቀ። እርሳቸው ግን በማግሥቱ «ይነሡ» ቢባሉ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ደረታቸውም አክታ ያዘ። ወደ ቤታቸው ከተመለሱም በኋላ ብዙ ወራት ከደጃፋቸው አላለፉም። ጕልበታቸውን የወሰደው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን፥ እኛ የመከርነው መኝታም ጭምር ሳይሆን እንደማይቀር የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ቀዶ ሕክምና ለሰውነት ከባድ ሥራ ነው። ቍስሉን ለመጠገን ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይሻል፤ ልብና ሳንባም ይህን ለማድረስ ይደክማሉ፤ ለጥገናው የሚሆነውም ነገር በከፊል ከጡንቻ ይወሰዳል። ስለዚህ ጕልበት እንደ ጎተራ እህል፥ ቀዶ ሕክምናም እንደ ክረምት ነው ብንል አልተሳሳትንም። ይሁን እንጂ ጕልበት ከእህል የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እህል ሳይነካ ቢቀመጥ ይቈያል፥ ጕልበት ግን ሳይሠሩበት ቢያስቀምጡት ይጠፋል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት፥ ጤነኞች የሆኑ አረጋውያን ዐሥር ቀን ብቻ በአልጋ ላይ ቢቈዩ፥ ከእግራቸው ሥጋ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ አጥተዋል። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

«ገበሬ ዕድሜውን በሥራ የኖረ ነው፤ ምን እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ ይኸው ነው፤ ትናንት የነበረው ብርታት ዛሬ ካልተሠራበት ለነገ አይተርፍም።

በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የተደረገና በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ያለባቸውን 77 ሰዎች በሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን የሰውነት እንቅስቃሴን፥ የምግብ ምክርንና የመንፈስ ማረጋጊያን ከቀዶ ሕክምናው አራት ሳምንት አስቀድሞ ጀመረ፤ ሁለተኛው ወገን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጀመረ። ከቀዶ ሕክምናው ስምንት ሳምንት በኋላ፥ አስቀድመው ከጀመሩት ከመቶው 84ቱ ወደ ቀድሞ የመራመድ ዐቅማቸው ወይም ከዚያ በላይ ደረሱ፤ ከሁለተኛው ወገን ግን ከመቶው 62ቱ ብቻ ናቸው። በሆስፒታል የቈዩበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ብዙ አልተለያየም፤ ስለዚህ እንቅስቃሴ ሁሉን የሚፈታ ተአምር ነው አንልም።

በአውስትራልያና በኒውዚላንድ ደግሞ፥ የላይኛው ሆዳቸው ለሚቀደድ ሰዎች አስቀድሞ የ30 ደቂቃ የአተነፋፈስ ትምህርት ብቻ ቢሰጣቸው፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሳንባ ሕመም ከመቶ 27 ወደ 12 መውረዱ በ2018 ዓ.ም. ተገልጧል።

በአገራችንም አብነት አለ። በ1959 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል፥ አንዳንዶቹ ሴቶች ከምጡ ጉዳት በኋላ ለረጅም ጊዜ ተኰራምተው ከመተኛታቸው የተነሣ እግራቸው ታጥፎ የቀረ ነበሩ። እነዚህን ቀድሞ በምግብ ማጠንከር፥ እግራቸውንም በፊዚዮቴራፒ ማፍታታት ያስፈልግ ነበር። ቀዶ ሕክምናው የሚከተለው ሰውነታቸው ሲዘጋጅ ነው።

እንግዲህ ቀጠሮ የያዘ ሰው በቤቱ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ሐኪሙን፥ «ምን ያህል ልራመድ? ምንስ ልተው?» ብሎ ይጠይቅ። ሐኪሙ ከፈቀደለት፦

አንደኛ፤ ፀሓይ ሳትበረታ፥ መኪና ከሚበዛበት አስፋልት ርቆ፥ በየቀኑ ይራመድ። ከ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ያድርሰው። ልኩም ከጓደኛው ጋር መነጋገር እየቻለ ዜማ ማዜም ሲያቅተው ነው።

ሁለተኛ፤ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ፥ በእጁ ሳይደገፍ መነሣትንና መቀመጥን 10 ጊዜ ይደጋግም። ስግደት የለመደ ጕልበት ይህን ቶሎ ይለምደዋል።

ሦስተኛ፤ በዝግታ በጥልቅ ተንፍሶ፥ አየሩን ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይዞ ይልቀቅ፤ 10 ጊዜም ከደገመው በኋላ ትራስ በሆዱ ላይ ደግፎ ይሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነቅቶ ሳለ ደጋግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ቢሆን ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ ይተው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2020 ዓ.ም. የመከረው ይህን ነው።

አምስተኛ፤ ጡንቻ ያለ ምግብ አይታነጽምና፥ እንቍላል፥ ወተት፥ ምስርና ሽሮ አይጕደልበት። የጾም ወራት ከሆነ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሥርዓታችን ሕሙማንን ያስባልና። በመጨረሻዪቱ ሌሊት ግን ከመብልና ከመጠጥ የሚከለከልበትን ሰዓት ሐኪሙ እንዳዘዘ ይጠብቅ።

ነገር ግን የልብ ሕመም፥ ቡአ፥ የአጥንት ስብራት ወይም የደም መፍሰስ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ፈቃድ ውጭ አንዳች አይጀምር። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን የወጋው ወይም ራሱን ያዞረው ሁሉ ወዲያው ያቁም። እንደ ትርፍ አንጀት ያለ ድንገተኛ ሕመም የያዘውም ዝግጅት ሳይል ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ጎረቤታችን ከብዙ ወራት በኋላ በመቋሚያ እየተደገፉ ዳግመኛ ቅዳሴ ለማስቀደስ በቅተዋል፤ ሞፈሩን ግን እስከ ዛሬ አልጨበጡም። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የያዘ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ «ይተኙ» ማለትን ትተናል፤ ሐኪማቸው ምን እንዳለ ጠይቀን፥ ከፈቀደላቸው «ይነሡ፥ እስከ መንገዱ አብረን እንሂድ» እንላለን። አንባቢዎቻችንም በየቤታቸው እንዲሁ እንዲያደርጉ እንመክራለን።