ልጨምር ወይስ ልሂድ?

ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች በመምህርነት መጥተው በደሴና በሌሎች ከተሞች ተመድበው ነበር። ጊዜያቸው 2 ዓመት ሲሆን፣ የፈለገ 3ኛ ዓመት ለመጨመር ይጠይቅ ነበር። «ልጨምር ወይስ ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ በምን ይመዘናል?

ብዙው ሰው በናፍቆትና በፍቅር ይመዝነዋል። እኔ ግን ሚዛኑ ተማሪው ነው እላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 4 ዓመት ነው፤ ትምህርቱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁን 9ኛ ክፍል የተቀበለ መምህር በ2 ዓመቱ ሲሄድ፣ ልጁ ገና የ11ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ የባዕዱን አነጋገር ይለምዳል፤ መምህሩም ልጁ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያኖረው የአማርኛው ሥርዓት እንዲያ ስለ ሆነ መሆኑን ይረዳል። ተተኪው ይህን ሁሉ እንደገና ይጀምራል።

ሆኖም ደክሞት የአምናውን ማስታወሻ የሚደግም መምህር ቢሄድ ይሻላል፤ ቦታውን የሚረከብ ኢትዮጵያዊ መምህር ከተገኘም መልቀቅ ክብር ነው።

ጥያቄው የእንግዳ ብቻ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለ1 ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር። ነገ እኛም ኮምቦልቻ ብንመደብ፣ ከመሄዳችን በፊት «የጀመርሁትን ማን ይጨርሰዋል?» ብለን እንጠይቅ።