በመጠጥ ውኃ ውስጥ ስለሚገኝ መዳብ

እንደ ኩል የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በውኃ ውስጥ እንዳሉና በሽታ እንደሚያመጡ ሹማምንቱም ባላገሩም ካወቁት ቆይቷል፤ ስለዚህም ውኃን አፍልቶ መጠጣት በብዙ ቤት ተለምዷል። ነገር ግን በውኃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን የሆነ እንደ ሆነ እሳት አያጠፋውም። እንዲያውም ውኃው ሲፈላ ተንኖ ስለሚያንስ፣ ማዕድኑ በቀረው ውኃ ላይ እየበረታ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ከነዚህ ማዕድናት አንዱ የሆነው መዳብ ወደ ቤት ውኃ ከየት እንደሚገባ፣ በምን እንደሚታወቅና የአሶሳና የመላው ቤንሻንጉል ጉምዝ ሹማምንት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ነው።

መዳብ በጥቂቱ ለሰውነት የሚያስፈልግ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ባወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ አመልክቷል። ከዚህ በላይ የሆነውን የጠጣ ሰው ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያገኘው ይችላል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የተወሰደ እንደ ሆነም ጉበትን ይጎዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሕፃናት ነገር ነው። በህንድ አገር ወተትን ውስጡ በቆርቆሮ ባልተለበጠ የነሐስ ዕቃ እያፈሉና እያሳደሩ ለጨቅላ ሕፃናት መስጠት ከከባድ የጉበት በሽታ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ ዕቃው ሲለወጥም በሽታው እየቀነሰ ሄዷል። ከዚህ የምንማረው፣ ጉዳቱ ከምንጩ ሳይሆን ከዕቃው ሊመጣ እንደሚችል ነው።

መዳብ ወደ ውኃ የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

መጀመሪያው ከምድሩ ነው። የቤንሻንጉል አገር ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ነው። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1813 ዓ.ም. ግድም ጦሩን ወደ ሱዳን ሲልክ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ወርቅ ነበር፤ በ1890 ዓ.ም. አገሩ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላም ግብሩ በወርቅ ይከፈል ነበር። ዛሬም በኩርሙክ፣ በመንጌና በሸርቆሌ በኩል ሕዝቡ አሸዋ እያጠበ ወርቅ ያወጣል። እንዲህ ያለው ጥንታዊ ዐለት በአንዳንድ ቦታ ከወርቁ ጋር መዳብና ድኝ የተዋሐዱበት ድንጋይ ይገኝበታል። ይህ ድንጋይ በምድር ውስጥ ሳለ ዝም ያለ ነው፤ ተቆፍሮ ተሰባብሮ ለአየርና ለዝናብ የተጋለጠ እንደ ሆነ ግን ድኙ ወደ አሲድነት ይለወጣል፣ አሲዱም መዳቡን እያሟሟ ወደ ጅረትና ወደ ጉድጓድ ያወርደዋል። ስለዚህ የቁፋሮ ክምር ከምንጭ በላይ እንዳይደረግ መከልከል ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ከቧንቧና ከዕቃ ነው። ውኃ ጎምዛዛነት ሲኖረው ወይም እንደ ዝናብ ውኃ ማዕድን ሲያንሰው መዳብን ይበላል። በመዳብ ቧንቧ ውስጥ ወይም በነሐስ መክፈቻ ላይ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ውኃ ጧት ሲቀዳ መዳቡ በርክቶ ይገኛል። በብዙዎቹ የእጅ ፓምፖች ውስጥ ያለው ሲሊንደርም በነሐስ የተለበጠ ነው፤ ነሐስ ደግሞ መዳብ ከሌላ ማዕድን ጋር የተቀላቀለበት ነው። እንደዚሁም ሎሚ ያለበትን ወይም የኮመጠጠ መጠጥን ውስጡ ባልተለበጠ የመዳብ ዕቃ ማሳደር መዳቡን ያሟሟዋል።

ሦስተኛው ከእርሻ ነው። ለቡናና ለማንጎ በሽታ የሚረጨው መድኃኒት አንዳንዱ መዳብ ያለበት ነው፤ ኮፐር ሰልፌት የሚባለው ሰማያዊ ጨው ከነዚህ አንዱ ነው። መርጫው በምንጭ ዳር የታጠበ፣ ወይም የመድኃኒቱ ዕቃ ለውኃ መቅጃ የዋለ እንደ ሆነ መርዙ በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል። ባለ ከብቶች ይህን ልብ ይበሉ፤ በግ ከላምና ከፍየል ይልቅ በመዳብ ቶሎ ይጎዳል፤ መዳቡ በጉበቱ እየተጠራቀመ ቆይቶ እንስሳው በድንገት ሊሞት ይችላል።

ምልክቱን መለየት ይገባል። መዳብ ያለበት ውኃ በመታጠቢያ ሳህንና በነጭ ልብስ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚመስል እድፍ ይተዋል፤ ሲበዛም ይመርራል። ቀይ ወይም ቡናማ የሆነው ውኃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ዝገት የተነሣ ነው፤ ከመዳብ ጋር መምታታት የለበትም። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ሕዝብን ከደኅና ጉድጓድ አርቆ ወደ ወንዝ ይመልሰዋል።

ለማረጋገጥ የሚበጀው መንገድ ቀላል ነው። ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በአንደኛው ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን የመጀመሪያ ውኃ፣ በሁለተኛው ውኃው ለጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣውን መቅዳት ነው። በየጠርሙሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ወደ ውኃ ወይም ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ይላክ። በመጀመሪያው ብቻ መዳብ የበዛ እንደ ሆነ ጥፋቱ የቧንቧው ወይም የፓምፑ ነው፤ በሁለቱም የበዛ እንደ ሆነ ግን ምንጩ ራሱ ይመርመር።

ጥፋቱ የቧንቧ የሆነ እንደ ሆነ፣ ቧንቧው እስኪለወጥ ድረስ የጧቱን የመጀመሪያ ውኃ ለአትክልት ወይም ለእጥበት ማዋል፣ ለመጠጥና ለምግብ ኋላ የመጣውን ቀዝቃዛ ውኃ መቅዳት ይበቃል። ለሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውኃ ግን ከሌላ ንጹሕ ቦታ ይቀዳ። የመዳብ ዕቃ በቆርቆሮ ይለበጥ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በጥርጣሬ ብቻ ጉድጓድ እንዳይዘጋ። ያልተጠበቀ የወንዝ ውኃ የሚያመጣው ተቅማጥ ሕፃናትን በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላልና፣ በጥቂቱ መዳብ ካለበት ጉድጓድ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ምርመራ ይቅደም፤ የሚዘጋም ከሆነ ሌላ ንጹሕ ውኃ ሳይዘጋጅ አይዘጋ። ሁለተኛ፣ ወርቅ ለማጥመድ ባዜቃ፣ ይኸውም ሜርኩሪ የሚባለው፣ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ነገሩ ከመዳብ የከፋ ነው። መዳብ በቀለሙና በጣዕሙ ራሱን ይገልጣል፤ ባዜቃ ግን በውኃ ውስጥ ቀለምም ጣዕምም ሳይኖረው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ በላተኛው ይተላለፋል። ስለዚህ ከወርቅ ማጠቢያ በታች ያለው ጅረት ሳይመረመር ለመጠጥ እንዲውል መፍቀድ አይገባም።

እንግዲህ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም በግዛቱ ያሉትን ምንጮች፣ ጉድጓዶችና የወርቅ ማጠቢያዎች በመዝገብ ይጻፍ፤ ከማጠቢያና ከእርሻ መርጫ በታች የሚገኙትን ይለይ፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ የክምሩን አሲድ አጥቦ የሚያወርድበት ጊዜ ነውና፣ እነዚህን ከክረምቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ እንደ ጀመረም ሌላ ጊዜ ያስመርምር። ባለ መሬቱም በይዞታው ያለውን የምንጭ ራስ በአጥር ይጠብቅ። ሕዝቡ የሚጠጣውን ውኃ በቅድሚያ ማስመርመር ከታመመ በኋላ ከማሳከም ወጪው ያንሳል፤ ሹም ለሕዝቡ ያለው አሳቢነትም ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።