የማያረጀው የአሮጌ መኪና ዋጋ

ከአምባ ጊዮርጊስ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ጎንደር የሚወርድ ሰው በዚህ ሰሞን ወሬው ሁሉ የጭነት ዋጋ ነው። ተሳፋሪውም በዕድሜ የሚበልጠው ቅጥቅጥ ውስጥ ተጨናንቆ የአዲስ መኪና ታሪፍ መክፈሉ ያንገበግበዋል። እውነት አለው። ነዳጁም ጎማውም፣ መንገድ ተዘግቶ መኪናው የሚቆምባቸው ቀናትም ታሪፉ ውስጥ አሉ። ይሁንና ከተሳፋሪ እስከ ባለሥልጣን ሲደጋገም የምሰማው አንድ ሒሳብ ስህተት ነው፦ አሮጌ መኪና ዕዳው ተከፍሎ ስላለቀ ወጪው ነዳጅና ዘይት ብቻ ነው፣ የቀረው የባለንብረቱ ስግብግብነት ነው የሚለው።

የዕዳው ማለቅ ምንም አይለውጥም። ባለመኪናው ነገ ጠዋት ሸጦ ገንዘቡን ሊነግድበት ወይም ቤት ሊሠራበት ይችላል። መኪናውን መንገድ ላይ የሚያቆየው ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ የሚመጥን ገቢ ሲያገኝበት ነው፤ ድሮ ስንት እንደገዛው ለሒሳቡ አይገባም። ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ ደግሞ የሚተምነው አዲሱ መኪና ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ሲገባ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። ታክሱ የሚሰበሰበው ግን ጉምሩክ በር ላይ ነው። በሩን ቀድሞ ያለፈውን አሮጌ መኪና አልነካውም፤ ጭራሽ ተወዳዳሪውን አስቀረለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲሱ ይበልጥ ራቀ።

ሒሳቡን በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ አሮጌ አይሱዙ ሞተሩ ወረደ እንበል። ተጠግኖ ቢቆም 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ተፈታትቶ ቢሸጥ 500 ሺህ፣ ጥገናው 600 ሺህ ይጠይቃል። በ600 ሺህ ወጪ የሚጨመረው ዋጋ 500 ሺህ ብቻ ስለሆነ ይፈታል። አዲሱ ሲወደድ ግን ያው መኪና ተጠግኖ 2 ሚሊዮን፣ ተፈትቶ 800 ሺህ ያወጣል። ጥገናው 900 ሺህ ብቻ ይደርሳል፤ ፒስተኑና ፋሻው በዶላር ቢመጡም የመካኒኩና የቶርኖ ሠራተኛው ድካም በብር ነውና። አሁን በ900 ሺህ ወጪ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዋጋ ይጨመራል። መኪናው ከሞት ተነሣ። አሮጌን ያስወግዳል የተባለው ታክስ የአሮጌውን ዕድሜ አራዘመ ማለት ነው፤ ብዙዎች ገልብጠው የሚያስረዱት ይህንን ነው።

አዲሱ ሲወደድ አሮጌውን እየጠገኑ ማቆየት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሀብታም ባሕር ኃይሎችም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳሉ። የአሜሪካ ኦሃዮ መደብ ሰርጓጅ መርከቦች ለ30 ዓመት ታስበው ተሠሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ 42 ተራዘመ። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋልረስ የተባለውን ሰርጓጅ ከአገልግሎት አውጥታ ዕቃውን ለእህት መርከቦቹ መለዋወጫ አደረገች። የእኛም ባሕር ኃይል ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ አገልግሎት የጀመረ ነበር፤ በ1962 ወደ እኛ መጥቶ እስከ 1991 ዘልቋል።

በሰርጓጁና በጭነት መኪናችን መካከል ያለው ልዩነት የዕድሜውን ድንበር ማወቁ ላይ ነው። ሰርጓጅ በጠለቀና በወጣ ቁጥር ገላው ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ ብረቱ ይደክማል። ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ይቀየራል፤ ገላው አይቀየርም። ስለዚህ ዕድሜው የሚለካው በገላው ነው። የጭነት መኪና ገላ ቴላዮው ነው። እኛ ዘንድ የተሰነጠቀ ቴላዮ ይበየድና ከአምባ ጊዮርጊስ በኮሶዬ አድርጎ ጭነት ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ያስፈራኛል። የዓመታዊ ምርመራ ቦሎ የለጠፈ ሁሉ ብቁ ነው የሚለውን የመዝገብ አሃዝ አላምነውም፤ ምርመራው የአንድ ቀን ነው፣ ፍሬን ሸራው የሚያልቀው በቀሩት 364 ቀናት ነው። የምዝገባው ቁጥርም ሰሌዳን ይቆጥራል፤ የትኛው መኪና እንደሚሄድ፣ የትኛው ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ እንደቀረ አይነግረንም።

ስለዚህ በመኪናው ማርጀት የሚከብደው ክፍያ ከጉምሩክ በር ተነሥቶ ወደ ዓመታዊው ምርመራ ይምጣ። ቴላዮውና ፍሬኑ በደከመ መጠን ቦሎው ይወደድ። ያኔ ተጠግኖ የሚቆመው መኪና ዋጋው ይወርዳል፣ መፍታቱ ያዋጣል። ሸክሙ በአንዲት መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ሰው ላይ ይወድቃል፤ የጭነት ዋጋም መጀመሪያ ላይ መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ የአዲስ ጭነት መኪና ታክስ መቃለልና የባንክ ብድር መከፈት ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅደም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የአምባ ጊዮርጊስ ድንች ጫኝ አጥቶ ማሳ ላይ ይቀራል።