ጭነት መኪናን ያጸናል ወይ? ስለ ኩርባ፣ ስለ ጎማና ስለ መገልበጥ



ባለፈው ከሎድዋር ወደ ካኩማ ስንመለስ የተሳፈርንበት ማታቱ ጣሪያው ላይ የዱቄት ከረጢትና ፍራሽ ተከምሮበት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሾፌሩን "አልበዛም ወይ?" ቢለው፣ "አይዞህ መምህር፣ መኪና ክብደት ሲኖረው መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል" አለ። አንድ ደረቅ ወንዝ አጠገብ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን በስተቀኝ ያሉት ጎማዎች ከመሬት ተነሱ። ለአፍታ አየር ላይ ቆይተው ዱብ አሉ። መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ካኩማ እስኪደርስ ዝም አለ። የሚገርመው፣ በማግስቱ ነገሩን ለተማሪዎቻችን ስናወራ ግማሹ ክፍል ከሾፌሩ ጋር ተስማማ! ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚህ ነው።

መኪና በራሱ ፈቃድ አይታጠፍም። የኒውተን አንደኛ ሕግ እንደሚለው የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላ ኃይል ካልነካው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሪ ሲዞር መኪናውን ወደ ኩርባው መሐል የሚስበው ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ደግሞ የአንድ መዳፍ ያህል ነው። ያ ሁሉ ሰው በአራት መዳፍ ተማምኖ ይሄዳል ማለት ነው።

ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ግዝፈት በፍጥነት ስኩዌር ተባዝቶ፣ ለኩርባው ሬዲየስ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ሰበቃው ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ኃይል ደግሞ የሰበቃ ኮኤፊሸንት በግዝፈትና በ9.8 ሲባዛ ነው። ልብ በሉ፣ ግዝፈት በሁለቱም በኩል አለ፤ ስለዚህ ይጣፋል። ሾፌሩ ግማሽ እውነት ይዟል፤ ክብደት ሲጨምር ሰበቃ ይጨምራል። ግን ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንደውም የእውነተኛ ጎማ ነገር ከዚህ ይብሳል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የመያዝ አቅሙ ሙሉ እጥፍ አይሆንም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ኩርባው ሜዳ ላይ ነው፣ ሬዲየሱ 50 ሜትር ነው እንበል። ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ኮኤፊሸንቱ 0.4 ቢሆን፣ 0.4 በ9.8 በ50 ሲባዛ 196 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 14 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከተሄደ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በ0.8፣ ወሰኑ 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነት ስኩዌር ስለሚሆን ከ40 ወደ 60 ማለት "ትንሽ መጨመር" አይደለም፤ የሚያስፈልገው ኃይል ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መንሸራተት ነው። የእኛ ማታቱ ግን አልተንሸራተተም፤ ሊገለበጥ ነበር። ይህ ሌላ ሒሳብ ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ የስበት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታና በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ነው። የስፋቱን ግማሽ ለከፍታው አካፍሉ። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 0.75 ሜትር ከሆነ 1 ይመጣል። ከአስፋልቱ 0.8 ስለሚበልጥ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። ጣሪያው ላይ ጭነን ከፍታው 1.2 ሜትር ቢደርስ ግን 0.625 ብቻ ይሆናል። አሁን በዚያው ኩርባ 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጎማው ገና መሬቱን አጥብቆ እንደያዘ፣ መኪናው ይገለበጣል። ጥሩ አስፋልት ራሱ ለመገልበጥ ያግዛል ማለት ነው! ተማሪዎቻችን ይህን ለመቀበል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ጠጠር ላይስ አይገለበጥም? ይገለበጣል። መጀመሪያ በጎኑ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ከመንገድ ወጥቶ ጎማው ለስላሳ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ታችኛው ክፍል በድንገት ይቆማል፣ ላይኛው ግን መሄዱን አያቆምም።

ኩርባ ውስጥ ፍሬን መርገጥም ጉዳት አለው። የጎማን አቅም እንደ ራሽን ቁጠሩት፤ ለወሩ የተሰጠው ያው ነው። 80 በመቶውን ለፍሬን ካዋለው ለመታጠፍ የሚቀረው 60 በመቶ ነው። (ለምን 20 እንዳልሆነ ፓይታጎረስን ጠይቁ፤ ሁለቱ ኃይሎች ቀጤ ነክ ናቸው።) ሙሉውን ለፍሬን ከሰጠና ጎማው ከተቆለፈ መሪው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ከመጀመሩ በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ እንዳለ ነው።

ቤተ ሙከራ ለሌለን መምህራን አንዲት ሙከራ እነሆ። ጣውላ ላይ የጆንያ ጨርቅ ወጥሩ። ሁለት የክብሪት ቀፎ አንዱን አስተኝታችሁ፣ ሌላውን አቁማችሁ አስቀምጡና ጣውላውን በአንድ በኩል ቀስ እያላችሁ አንሱ። የቆመው ይወድቃል፤ የተኛው ቆይቶ ይንሸራተታል። የፎርም ፎርን የክብ እንቅስቃሴ ምዕራፍ ከዚህ ብትጀምሩት ክፍሉ አይተኛም።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ፦ ሬዲየሱ 80 ሜትር በሆነ ኩርባ፣ ኮኤፊሸንቱ 0.5 ቢሆን መኪናው መንሸራተት የሚጀምረው በስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው? ጣሪያው ላይ 2 ኩንታል ቢጫንበት ይህ መልስ ይቀየራል? የመገልበጡስ? መልሳችሁን ከነአሠራሩ ለፊዚክስ መምህራችሁ ስጡ።